መናገሻው የት ነበር? የአንባቢዎች ጥያቄና የአምዱ መልስ

በዚህ እትም የተመለሱት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚዞሩ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል መምህር ነኝ። የአገራችንን መናገሻ ከተሞች ሳስተምር «አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ የላሊበላ ዘመን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካበቃና ጎንደር በ17ኛው ከተቆረቆረች በመካከሉ ዋና ከተማችን የት ነበር?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እባካችሁ ከኀፍረት አውጡኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ተማሪዎ ሁላችንም በቃላችን ሸምድደን ያለፍነውን ዝርዝር ክፍተቱ ላይ ነው የነካችው። አራቱ ስሞች ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ተከታትለው ሲጻፉ አንዱ ከተማ በተዘጋ ማግስት ሌላው የተከፈተ ያስመስላሉ። አክሱም ከደከመችበት ዘመን ጎንደር እስከ ተቆረቆረችበት ድረስ ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ ከዚህም ውስጥ ረጅሙን ዘመን የያዘው በግንብ የተሠራ ከተማ ሳይሆን በድንኳን የተተከለ ሰፈር ነው።

ከመነሻው እንጀምር። አክሱም ራሷ የመጀመሪያዋ አልነበረችም። ከአድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው የሐ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያለ ጭቃ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራው ቤተ መቅደስ ግድግዳው እስካሁን ቆሟል፤ የደአማት መንግሥት መቀመጫም በዚያው እንደ ነበር ይታመናል። ከዚያ በኋላ ክብሩ ወደ አክሱም ዞረ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ በግሪክኛ በጻፈው የባሕር ንግድ መመሪያ ከአዱሊስ ወደብ እስከ አክሱማውያን ከተማ የስምንት ቀን መንገድ መሆኑን፣ የዝሆን ጥርስም ከመሀል አገር ወደዚያች ከተማ ተሰብስቦ ወደ ባሕር እንደሚወርድ ይናገራል። አክሱምን አክሱም ያደረጋት ይህ መንገድ ነው። የቀይ ባሕር ንግድ ከእጅዋ ሲወጣ፣ በዙሪያዋ ያለው መሬትም ለዘመናት ከታረሰና ደኑ ከተመነጠረ በኋላ አፈሩ ሲሸረሸር፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቷ የራሳቸውን ገንዘብ መምታት አቆሙ። ገንዘብ የማይመታ ንጉሥ ደግሞ በወደቡ መንገድ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ለይተን ካልያዝን ቀሪው ታሪክ ይምታታብናል። መናገሻ ማለት ንጉሡ ሥርዓተ ንግሥ የሚፈጽምበት፣ ዘውድ የሚደፋበት ቦታ ነው፤ መቀመጫ ደግሞ አድሮ ውሎ ፍርድ የሚሰጥበት፣ ግብር የሚያገባበት፣ ጦር የሚያዘጋጅበት ነው። ዛሬ «ዋና ከተማ» ስንል ሁለቱን አንድ አድርገን ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ሁለቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችሉ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋና በአምሐራ ምድር እየተመላለሰ የሚገዛ ንጉሥ ሲሆን በ1436 ሥርዓተ ንግሡን ለመፈጸም አክሱም ድረስ ወጥቷል፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በ1872 ዘውድ የደፉት በዚያው ነው። ስለዚህ አክሱም መቀመጫነቷን ካጣች በኋላ እንኳ መናገሻነቷን ወደ አሥራ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየዘለለችም ቢሆን ይዛ ቆይታለች ማለት ይቻላል።

ከአክሱም በኋላ ያለው የመጀመሪያው ክፍተት ጨለማ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የዐረብ ጸሐፊ አል ያቁቢ የነጋሺው ከተማ «ኩባር» ይባላል ብሎ ጽፏል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው አል መስዑዲም ይህንኑ ስም ያነሣል። ከተማዋ የት እንደ ነበረች ግን እስከ ዛሬ በቁፋሮ አልተገኘችም። የአንድ ትልቅ መንግሥት መቀመጫ ከነአድራሻው ሲጠፋ እንግዲህ እንዲህ ነው። ከዚያ የዛጉዌ ነገሥታት በላስታ አዳፋ በተባለ ቦታ ተቀመጡ፤ አዳፋ ዛሬ በንጉሡ ስም ላሊበላ ከምትባለው ከሮሐ አጠገብ ናት። በሰሌዳ ላይ «ላሊበላ» ተብሎ የሚጻፈው ከዓለቱ የተፈለፈሉት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ቀሩ ነው፤ የነገሥታቱ መኖሪያ የነበረው አዳፋ ግን ያን ያህል የሚታይ ነገር አልተወም።

ለተማሪዎ ጥያቄ ዋናው መልስ የሚጀምረው ከ1270 ነው። ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ የመንግሥቱ እምብርት ወደ አምሐራና ወደ ሸዋ ወረደ፤ በሸዋ ተጉለት በተለይ ስሙ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የነበሩት ነገሥታት ግን ዐምደ ጽዮንን ጨምሮ ዘመናቸውን ያሳለፉት በአብዛኛው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው። ንጉሡ ባለበት መንግሥቱ አለ፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ተጠቅልሎ አጋሰስ ላይ ይጫናል።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ስድስት ዓመት ያህል ሲመላለስ ያየውን ጽፏል። ሰፈሩ ሺህ በሺህ የሚቆጠሩ ድንኳኖች የሚተከሉበት ሲሆን የንጉሡ ድንኳኖች ሜዳውን ከሚያሳየው ከፍታ ላይ ይቆማሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ድንኳኖች፣ የዳኞች ድንኳን፣ በቀኝና በግራ የተከፈሉ ማድ ቤቶች፣ ራቅ ብሎ ገበያ፣ ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አልቫሬዝን በጣም ያስደነቀው ሰፈሩ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሲተከል የእያንዳንዱ ሰው ቦታ አለመለወጡ ነው። መኳንንቱም ሆኑ ሎሌዎቹ ከንጉሡ ድንኳን በየት በኩልና በስንት ርቀት እንደሚያድሩ ያውቁታል፤ ስለዚህ አዲስ ሜዳ ላይ ደርሰው ጀምበር ሳትጠልቅ ያው ከተማ፣ ያው መንገድ፣ ያው ጎረቤት ተመልሶ ይቆማል። ምድሩ እንጂ ከተማው አልተለወጠም።

ይህ ሰፈር በማዕረግ ስሞቻችን ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲኖር ነበር። ፊታውራሪ በፊት የሚቀድመው፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች በንጉሡ ቀኝና ግራ የሚሰፍሩት፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከ«ከተመ» ሲሆን ይኸውም ሠራዊት ይዞ ሰፈረ፣ ተደላድሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ተማሪዎ «በመካከሉ ከተማው የት ነበር?» ስትል ቃሉ መልሱን በውስጡ ይዞታል፤ ንጉሡ በከተመበት።

አንድ ንጉሥ ብቻ ከዚህ ልማድ ወጥቶ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ በ1450ዎቹ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየልኝ ባለበት ቦታ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ከዐሥር ዓመት በላይ ከዚያ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። ብርሃኑን በ1456 ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች አሉ። ልጁ በእደ ማርያም ግን በ1468 በነገሠ ጊዜ ደብረ ብርሃንን ትቶ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ፤ አባቱ የሠራው ቤተ መንግሥት ለእርሱ እንደ ግዞት ቤት ሳይታየው አልቀረም።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ የምጽፍ አንባቢ ነኝ። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቼ «ከአንድ ዓለት ቤተ ክርስቲያን መፈልፈል የቻለ ሕዝብ ለንጉሡ ቤት መሥራት እንዴት አቃተው?» ይሉኛል። ነገሥታቱ በድንኳን የኖሩት ድህነት ይዟቸው ነው?

መልስ፦ አልነበረም፤ እንዲያውም የተገላቢጦሹ ነው። ድንኳኑ የኃይል ምልክት ነበር፤ አንድ ቦታ ታስሮ የሚቀመጥ ንጉሥ የሚፈራው በአጥሩ ዙሪያ ያለ ሰው ብቻ ነውና። ነገር ግን ከክብሩም በፊት መሠረቱ እህል ነው።

ገባሩ ግብሩን የሚከፍለው በገንዘብ አልነበረም። ጤፍ፣ ገብስ፣ ማር፣ ቅቤ፣ በሬ ያገባል። ይህን ሁሉ ከጎጃም ወይም ከዳሞት በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ተራራና ገደል አቋርጦ ወደ አንድ ከተማ ይምጣ ቢባል ጫኚው ራሱ በመንገድ ሲበላው ለንጉሡ የሚደርሰው ጥቂት ይሆን ነበር። እህሉ ወደ አፍ ከሚሄድ አፉ ወደ እህሉ ቢሄድ ይቀል ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነካህናቱና ከነዳኞቹ ሄዶ በየአገሩ ድርጎውን በልቶ ይነሣል፤ በዚያውም ከሩቅ አገር አቤት ለማለት የማይችለው ሰው ይዳኛል፤ ያመፀ ሹምም ንጉሡን ደጁ ላይ ያገኘዋል። ለገባሩ ይህ እንግድነት እንደ አንበጣ የሚፈራ ነገር እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም፤ ሠራዊት ያደረበት ቀዬ ጎተራው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ማገዶ ነው። ብዙ ሺህ ሕዝብ በየቀኑ እንጀራ ይጋገርለታል፤ የሚበላው ሥጋ ወጥ ይሠራበታል፤ በደጋው ሌሊት እሳት ይነዳል። ምጣድ ምን ያህል እንጨት እንደሚበላ የጋገረ ሰው ያውቃል። ጽድና ወይራ ደግሞ በአንድ ትውልድ ተቆርጦ የሚተካ ዛፍ አይደለም። አንድ ሰፈር ጥቂት ዓመት በአንድ ቦታ ከቆየ እንጨት ለቃሚው መጀመሪያ የግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ የሙሉ ቀን መንገድ መሄድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩን ማንሣት ይቀላል።

ሠራዊቱን ቆም የሚያደርገው ክረምት ብቻ ነበር። ዓባይና ተከዜ ሲሞሉ፣ ጭቃው በቅሎ ሲውጥ ንጉሡ ክረምቱን የሚከርምበት ቦታ ይመርጣል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ደግሞ ነጋሪት ይጎሰማል። ይህ ነገር ለሚቀጥለው ጥያቄ ቁልፍ ስለሆነ ያዙልን።

ለልጆችዎ እግረ መንገድዎን ይህን ቢነግሯቸው፦ ድንጋዩ ለእግዚአብሔር ቤት ነበር። ንጉሡ ይሄዳል፤ ታቦት የገባበት ቤተ መቅደስ ግን በቦታው ይኖራል። ከዚያ ዘመን የቀሩልን ሕንፃዎች በአብዛኛው አብያተ ክርስቲያናት የሆኑት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። አባቶች «መናገሻህ ስሟ በጎ የሚጀምር ይሆናል የሚል ትንቢት ስለ ነበር ነገሥታቱ ጉዛራን፣ ጎርጎራን ሞክረው በመጨረሻ ጎንደር ላይ ረጉ» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ትንቢቱ የሕዝብ ትውፊት ነው፤ የቦታዎቹ ቅደም ተከተል ግን ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ትውፊት እንዲህ ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ቢያደርገውም መንገዱን ብዙ ጊዜ አይስትም።

ግራኝ አሕመድ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ካሸነፈ በኋላ የሸዋው ሰፈር ተበተነ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፤ ንጉሡም ከአገር አገር ሲሸሽ በ1540 ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይም የኦሮሞ መስፋፋት የደቡቡንና የምሥራቁን መንገድ ሲለውጠው፣ ነገሥታቱ ክረምት የሚከርሙበትን ቦታ ወደ ጣና ዙሪያ ገፉት። ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ ላይ ጉዛራን በድንጋይና በኖራ አሠራ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጠ። ልጁ ፋሲለደስ በ1632 ነግሦ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። እርሱንም ለአደን ወጥቶ ሳለ ጎሽ ወደዚያ መራው የሚል ሌላ ትውፊት አለ።

ቦታው ያለ ትንቢትም የሚመረጥ ነው። አንገረብና ቀሃ በሁለት በኩል ያጥሩታል፤ ውኃው ቅርብ ነው፤ ከጣና ዙሪያ የሚወጣው እህል በጥቂት ቀን ይደርሳል፤ ወደ ምፅዋም ወደ ሱዳንም የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ያልፍበታል። ጎንደር የረጋችው ንጉሡ ስለ ወደዳት ብቻ አይደለም፤ የማይነሡ ሰዎች በዙሪያዋ ስለ ተሰበሰቡ ነው። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ ወደ ወንዙ የእስላሙ ነጋዴና የቤተ እስራኤሉ ግንበኛና አንጥረኛ መንደር እየተባለ ከተማዋ በየወገኑ ተከፋፈለች፤ መለያየቱም በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በዐዋጅ ጸና። ያም ሆኖ ቀደምት የጎንደር ነገሥታት በጋ በገባ ቁጥር ድንኳናቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ታላቁ ኢያሱ ከግንቡ ውስጥ ይልቅ በዘመቻ ላይ ያሳለፈው ጊዜ ብዙ ነው።

ከ1769 በኋላ የሆነው ግን እንግዳ ነገር ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደለ በኋላ ንጉሡ በጎንደር፣ ሥልጣኑ በየመሳፍንቱ ሆነ። የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ንጉሥ ተብሎ የሚጠራ ሰው በፋሲል ግንብ ቅጥር ውስጥ ይኖራል። ጎንደር መናገሻ ሆና ቀርታ መቀመጫ መሆኗ ቀረ። ቴዎድሮስም በ1855 ሲነግሡ ወደዚያ አልተመለሱም፤ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አዘነበሉ፤ በ1866 ጎንደርን ራሳቸው ዘርፈው አቃጠሉ፤ በ1888 ከሱዳን የመጣው ደርቡሽ የቀረውን አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስ በመቀሌ ቤተ መንግሥት ቢያሠሩም ዘመናቸውን ያሳለፉት በአድዋ፣ በደብረ ታቦርና በጦር ሰፈር ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ «አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው» ይሉን ነበር። በሌላ በኩል አሁን በየቦታው «ባሕር ዛፍ ውኃ ያደርቃል፣ ይነቀል» ሲባል እሰማለሁ። የአያቴ ንግግር መሠረት አለው? ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ አያትዎ ልክ ናቸው፤ ታሪኩንም ባጭሩ መንገር አይቻልም።

የሸዋ ነገሥታትም እንደ ሌሎቹ ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው። አንኮበር፣ አንጎለላ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በምኒልክ ጊዜ ልቼና ወረኢሉ እያለ መቀመጫው ከቦታ ቦታ ዞረ። ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ከተሙ። ቦታው ለጦር የተመቸ ነው፤ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያሳያል። ለኑሮ ግን ብርዱ፣ ነፋሱ፣ የክረምቱ መብረቅና የውኃው መራቅ የሚያስመርር ነበር። ዛሬ እንጦጦ ማርያም አጠገብ የቆመውን የምኒልክ ቤት ያየ ሰው የዘመኑ ነገሥታት ስለ ቤት ምን ያስቡ እንደ ነበር ይገባዋል፤ በእንጨትና በጭቃ ቆሞ በኖራ የተለሰነ፣ ሣር የከደነው፣ አዳራሹ ሰፊ ቢሆንም ነገ ትተውት ቢነሡ የማያስቆጭ ሕንፃ ነው።

ከተራራው ሥር ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ቦታ ፍል ውኃ ይፈልቃል። መኳንንቱ ወደዚያ ለመታጠብ ይወርዱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም የቦታውን ሙቀትና ልምላሜ ወድደው ቤት እንዲሠራላቸው አስፈቀዱ። በኅዳር 1879 ዓ.ም. ቦታው አዲስ አበባ ተባለ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ወደ ሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ የአገሪቱ መቀመጫ የተቆረቆረው የንጉሡ ድንኳን በሌላ አገር በተተከለበት ወቅት በእቴጌይቱ እጅ ነው። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት ግን አሁንም ላይ እንጦጦ ማርያም ነበር።

አሁን የአዲስ አበባን ካርታ ከአልቫሬዝ ሰፈር ጋር አስተያዩት። ግቢው ከኮረብታ ላይ ነው። በዙሪያው ለየመኳንንቱ ቦታ ተሰጠ፤ እያንዳንዱ መኰንን ከነሠራዊቱና ከነሎሌው ሰፈረ፤ ስለዚህ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ እንጠራለን። «ሰፈር» ማለት ድንኳን የተተከለበት ቦታ መሆኑን ረስተን የታክሲ ረዳቱ ሲጠራው ወርደን ወደ ቤታችን እንገባለን። በሰፈርና በሰፈር መካከል ያሉት ወንዞችና ገደሎች የቀሩት እኮ የየሠራዊቱ ድንበር ስለ ነበሩ ነው።

ማገዶው እንደ ልማዱ አለቀ። እንጦጦ ራሱ ተራቆተ፤ እንጨቱ መናገሻ ከሚባለው ደን ሳይቀር መምጣት ጀመረ። ምኒልክም እንደ አባቶቻቸው ሰፈሩን ለማንሣት ወሰኑና በ1900 ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በእጀሬ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ይህ ጊዜ ከሁሉም የከበደው መዞሪያ ነው ብለን እናምናለን። ዕቅዱ ቢፈጸም አዲስ አበባ ዛሬ እንደ ልቼ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃት ስም በሆነች ነበር።

ሁለት ነገሮች አስቀሩት። አንደኛው ባሕር ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የመጣው ይህ ዛፍ በአምስት ዓመት ገደማ ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ፍየልና ከብትም ቅጠሉን አይነካውም። ጽድ ለመተካት የሰው ዕድሜ በማይበቃበት አገር ይህ ተአምር ነበር። ከተሜው ሁሉ በየጓሮው ተከለ፤ እንጦጦም ለበሰ። ያን ጊዜ ያለቀው ደን በባሕር ዛፍ ሲተካ፣ ሰፈር በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ዋና ሰበብ ቀረ። ስለ ውኃው የሚባለውም እውነትነት አለው፤ ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም፤ ከምንጭ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል። ነገር ግን ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት ሴቶች ከመቶ ዓመት በላይ ከተማዋን ሲያበስሉላት ኖረዋል፤ ይነቀል ባዩ ይህንንም አብሮ ይቁጠር።

ሁለተኛው እንደ ማገዶው የማይነገር ቢሆንም ከእርሱ ይበልጥ የከበደ ይመስለናል፤ የማይጠቀለል ነገር መምጣቱ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች (እንደ ዛሬ ኤምባሲ ያሉ የመልእክተኞች ጽሕፈት ቤቶች) ሰፋፊ መሬት ተቀብለው በድንጋይ ቤት መሥራት ጀምረው ነበር፤ ወደ አዲስ ዓለም እንዛወር ሲባሉ አልፈቀዱም። የአንድ ደጃዝማች ሠራዊት «ተነሣ» ቢባል ድንኳኑን ነቅሎ ይነሣል፤ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግን ለለንደን ጽፎ ገንዘብ መጠየቅ አለበት። በ1906 የሐበሻ ባንክ ተከፈተ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡርም በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሐዲድ ከመጣ በኋላ እህሉ ወደ አፍ መምጣት ቻለ፤ ንጉሡ ወደ እህሉ መሄዱ ቀረ። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው መንገዱን ትንሽ ቢገታ ሊያየው ይችላል።

ጥያቄ፦ በአንድ የሠርግ ቤት ጨዋታ ላይ አንድ ሽማግሌ «ጎሬም አንድ ጊዜ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ነበረች» ብለው ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ የሳቁት ናቸው። በ1936 የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት መንግሥቱ በኢሉባቦር ጎሬ እንዲቀጥል ተወስኖ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ተሾሙ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው ሄደው መከላከሉን ለማስተባበር ሞክረዋል። ጎሬ የተመረጠችው ከሱዳን ጋር በባሮ በኩል የቡና ንግድ መንገድ ስለ ነበራትና በእንግሊዝ በኩል እርዳታ ይመጣል ተብሎ ስለ ታሰበ ነው። እርዳታው አልመጣም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎሬ በኢጣልያ እጅ ወደቀች። በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ ግን መንግሥቱ እንደ ልብነ ድንግል ዘመን ከነማኅተሙ በበቅሎ ላይ ተጭኖ ተጉዟል፤ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቁልን።